ከአፕዴት በኋላ ያስቸገረ ሜሽ ዋይፋይ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው። ሜሽ ዋይፋዩ (በበርካታ ሣጥኖች ቤቱን የሚያዳርሰው) ሌሊት ላይ ፈርምዌሩን፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌሩን፣ ራሱ አፕዴት አደረገ፤ ጠዋት ቤት ውስጥ የሆነ ነገር እምቢ አለ። ብዙዎቹ ጠያቂዎቻችን የጻፉልን ሣጥኖቹን ሁሉ ሪሴት አድርገው ችግሩ ሳይለቃቸው ሲቀር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ የትኛው መስመር ላይ እንደተበላሸ እንለይ። አፕዴት ዕቃውን የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ሴቲንግ መቀየር ነው። ሪሴት ደግሞ ያንን ሴቲንግ አያስተካክለውም፤ እንዲያውም ደህና የነበሩትን አብሮ ያጠፋል።

ከሞደሙ ጋር በኬብል የተያያዘውን «ዋናው ሣጥን»፣ ሌሎቹን «ቅርንጫፍ» እያልን እንቀጥላለን።

ጥያቄ፦ ሦስት ሣጥን ያለው ሜሽ አለኝ። ከአፕዴቱ በኋላ ዋናው ሣጥን አጠገብ 200 ሜጋቢት አገኛለሁ፤ መኝታ ቤት ግን 15 ብቻ ነው። በፊት 90 አካባቢ ነበር። ሁሉንም ነቅዬ ብሰካም ለውጥ የለም።

ዋናው ሣጥን ጋ ደህና ከሆነ፣ ኢንተርኔት አቅራቢዎን አይጠርጥሩ። ጥፋቱ በዋናው ሣጥንና በቅርንጫፉ መካከል ነው። ያም ሆኖ በትክክል ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ ይለኩ። አንደኛ፣ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፍተው በኬብል ዋናው ሣጥን ላይ ይሰኩና ይለኩ። ሁለተኛ፣ ስልክ ይዘው ከዋናው ሣጥን 2 ሜትር ርቀው ይለኩ። ሦስተኛ፣ ከቅርንጫፉ 2 ሜትር ርቀው ይለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ስልክ መጀመሪያ የያዘውን ሣጥን በቀላሉ አይለቅም፤ ቅርንጫፉ አጠገብ ቆመው ስልኩ ግን ከሩቁ ዋና ሣጥን ጋር እየተነጋገረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅርንጫፉ አጠገብ ሆነው የስልኩን ዋይፋይ ያጥፉና ያብሩት፤ ከዚያ በአፑ ላይ ስልክዎ በየትኛው ሣጥን ሥር እንደተዘረዘረ ይመልከቱ።

አንደኛው ልኬት ዝቅ ካለ፣ ነገሩ የሞደሙ፣ የመስመሩ ወይም የዋናው ሣጥን ነው። አንዳንድ አፕዴቶች ኪውኦኤስ የሚባለውን የትራፊክ ማከፋፈያ ያበሩታል፤ እሱ ሲበራ ብዙ ሣጥኖች ፈጣኑን የሃርድዌር መንገድ ትተው እያንዳንዱን ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) በፕሮሰሰር ስለሚያሳልፉ ፍጥነቱ ይወርዳል። አጥፍተው እንደገና ይለኩ። አንደኛው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ከወደቀ የዋናው ሣጥን ቻናል (የሚሠራበት የሬዲዮ መስመር) ወይም የቻናሉ ስፋት ተቀይሯል። ሦስተኛው ብቻ ከወደቀ፣ እንደ እርስዎ ማለት ነው፣ በሣጥኖቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው የተበላሸው።

አንድ ነገር ይወቁ፦ ቅርንጫፉ በአንድ ሬዲዮ እየተቀበለ በዚያው የሚልክ ከሆነ ፍጥነቱ በየዝላዩ በግማሽ ግድም ይቀንሳል። ከ200 ወደ 90 መውረድ የተፈጥሮ ነው፤ ከቅርንጫፍ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዘል ደግሞ 40 እና 50 ይሆናል። 15 ግን ጤና አይደለም። ከአፕዴት በኋላ እንዲህ ሲሆን ሦስት ነገር እንጠረጥራለን።

የመጀመሪያው የቨርዥን ልዩነት ነው። በአፑ ውስጥ የእያንዳንዱን ሣጥን የፈርምዌር ቁጥር ከፍተው እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ያስተያዩ። ዋናው አዲስ፣ ቅርንጫፉ አሮጌ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው። አንዳንድ አምራቾች መጀመሪያ ቅርንጫፎቹን፣ ዋናውን በመጨረሻ አፕዴት አድርጉ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ዋናው ቀድሞ ከተሻገረ አሮጌውን ቅርንጫፍ አልቀበልም ሊል ይችላል። ወደ ኋላ የቀረ ቅርንጫፍ ካለ ነቅለው ዋናው ሣጥን አጠገብ ያምጡት፤ ከተቻለ በኬብል ያገናኙትና አፕዴቱን እዚያው ይጨርስ።

ሁለተኛው ቅርንጫፉ ከ5 ጊጋኸርዝ፣ ከፈጣኑ የሬዲዮ ባንድ፣ ወደ ዘገምተኛው 2.4 ጊጋኸርዝ መውረዱ ነው። አፑ የግንኙነቱን ዓይነትና የሲግናሉን ጥንካሬ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ያሳያል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ከ-50 እስከ -65 ባለው ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ-70 በታች ከወረደ የ5 ጊጋኸርዙ ግንኙነት ይንገዳገዳል። ከአፕዴቱ በፊት በ-72 እየተንጠለጠለ የነበረ ቅርንጫፍ፣ አዲሱ ፈርምዌር ትንሽ ጥብቅ ሲሆን ወደ 2.4 ይገፋል። መድኃኒቱ ቅርንጫፉን ወደ ዋናው ሣጥን ጥቂት ሜትር ማስጠጋት ነው። ሲግናል የሌለበት ክፍል ውስጥ ቅርንጫፍ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ቅርንጫፍ የሚያስተላልፈው የሰማውን ብቻ ነው። ቦታው ከዋናው ሣጥን እስከሚያስቸግረው ክፍል ባለው መንገድ መሐል ነው።

ሦስተኛው የመኝታ ቤቱ ቅርንጫፍ ከዋናው ጋር መያያዝ ሲገባው በሌላው ቅርንጫፍ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ነቅለው ቢሰኩም ለውጥ ያልመጣው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ሁሉም አንድ ላይ ሲበሩ ሩቁ ቅርንጫፍ ቀድሞ ያገኘውን ይይዝና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሞደሙንም ጨምሮ ሁሉንም ነቅለው 1 ደቂቃ ይቆዩ። ሞደሙን ብቻ ሰክተው መብራቶቹ እስኪረጋጉ 3 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ቀጥሎ ዋናውን ሣጥን ይሰኩና መብራቱ መብለጭለጭ እስኪያቆም ይታገሡ። ከዚያ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ያብሩ፤ የመኝታ ቤቱን አስቀድመው፣ ሌላውን እሱ ከተያያዘ በኋላ።

ጥያቄ፦ 5 ጊጋኸርዙ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ድርግም ይላል። ቅርንጫፎቹ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀይ ይሆኑና ይመለሳሉ። ከአፕዴቱ በፊት አንድም ቀን ታይቶ አያውቅም። ሣጥኑ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ያቺ «አንድ ደቂቃ» ብቻዋን ምስጢሩን ትናገራለች።

በ5 ጊጋኸርዝ ውስጥ ከቻናል 52 እስከ 144 ያሉትን ዋይፋይ ከራዳር ጋር ነው የሚጋራቸው። የአየር ጠባይ ራዳር፣ የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ራዳር፣ የመርከብ ራዳር በዚያ ይሠራሉ፤ ቅድሚያውም የእነሱ ነው። ዲኤፍኤስ የሚባለው ደንብ ሣጥኑን እንዲህ ያዝዘዋል፦ በእነዚህ ቻናሎች መላክ ከመጀመርህ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብለህ አዳምጥ፤ ራዳር ከሰማህ በ10 ሰከንድ ውስጥ ልቀቅ፤ ለ30 ደቂቃም ወደዚያ ቻናል አትመለስ። በአውሮፓ ደንብ 120፣ 124 እና 128 ላይ ማዳመጡ 10 ደቂቃ ይፈጃል። እርስዎ የሚያዩት ቀይ መብራት፣ ሣጥኑ አንዱን ቻናል ለቆ ሌላው ላይ 60 ሰከንዱን ሲያዳምጥ ነው።

ታዲያ ለምን አሁን? አፕዴቱ ቻናሉን ወደ «አውቶ» መልሶታል፣ አለዚያም የቻናሉን ስፋት ከ80 ወደ 160 ሜጋኸርዝ አሳድጎታል። በሁለተኛው ብዙ ሰው ይታለላል። ቻናሉ 36 ነው ብሎ አፑ ቢያሳይም፣ ስፋቱ 160 ከሆነ የሚይዘው ከ36 እስከ 64 ያለውን ሁሉ ነው፤ ከ52 እስከ 64 ያለው ደግሞ የራዳር ክልል ነው። ሣጥኑ መዝገብ የሚያሳይ ከሆነ ድርግም ባለበት ሰዓት «ራዳር» ወይም «ዲኤፍኤስ» የሚል መስመር ይፈልጉ። ራዳር በሌለበትም መዝገቡ እንዲህ ሊል ይችላል፤ አዲስ ፈርምዌር የማዳመጫውን ስሜት ሲቀይር ሌላ ዓይነት የሬዲዮ ጩኸት ራዳር ይመስለዋል።

መፍትሔው ቻናሉን ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 በአንዱ መቸከልና ስፋቱን 80 ማድረግ ነው። በሚኖሩበት አገር ከተፈቀደ ከ149 እስከ 161 ያሉትም ከራዳር ነፃ ናቸው። ስፋቱ ሲቀንስ ቅርብ ሆነው የሚለኩት ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል፤ የማይቆራረጥ 80 ግን ከሚቆራረጥ 160 በእጅጉ ይሻላል፣ በተለይ በቪዲዮ ስብሰባ ለሚሠራ ሰው። ቻናል የማያስመርጡ ሜሾች አሉ። እነሱ ላይ «160 ሜጋኸርዝ» ወይም «ዲኤፍኤስ» የሚል ማጥፊያ ይፈልጉ። እሱም ከሌለ ቅርንጫፎቹን በኬብል ማገናኘት ጉዳቱን ያሳንሰዋል፤ 5 ጊጋኸርዙ ዝም ቢል እንኳ ቅርንጫፉ ከዋናው ጋር አይለያይም፣ ስልኮችም በ2.4 ይቀጥላሉ።

ጥያቄ፦ ስልኮቹ ሁሉ ይሠራሉ። ካሜራው፣ ሁለት ስማርት ሶኬቶችና የቆየው ፕሪንተራችን ግን ከአፕዴቱ ወዲህ ዋይፋዩን አልያዙም። ፓስወርዱ አልተቀየረም።

የተቀየረው መቆለፊያው ነው። ብዙ አፕዴቶች የዋይፋዩን ጥበቃ ከደብሊውፒኤ2 ወደ ደብሊውፒኤ3 ያሸጋግራሉ። ደብሊውፒኤ3 በ2018 የወጣ ሲሆን ፓስወርድ የሚያረጋግጥበት መንገድ ሌላ ነው፤ በዚያ ላይ የመቆጣጠሪያ መልእክቶች ጥበቃ የሚባለውን ግዴታ ያደርጋል። ከዚያ በፊት የተሠሩና ርካሽ የሆኑ ዕቃዎች ይህን አያውቁም። ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም «ፓስወርድ ተሳስቷል» የሚሉት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጥበቃውን ሁለቱን የሚቀበለው ድብልቅ ላይ ያድርጉት። ይህ ብዙውን ዕቃ ይመልሳል። በድብልቁም የሚደናበሩ አሮጌ ዕቃዎች ስላሉ ካልሠራ ለእነሱ ብቻ የተለየ ኔትወርክ ይክፈቱ፦ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ፣ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ፣ ቻናል 1 ወይም 6 ወይም 11፣ ጥበቃው ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ ከሚባለው ምስጠራ ጋር፣ «ፈጣን ሮሚንግ» (ከሣጥን ወደ ሣጥን ቶሎ መሻገሪያ) የሚለው ጠፍቶ። ቲኪፕ የሚል የቆየ የምስጠራ ምርጫ ቢያዩ አይንኩት፤ ደካማ ከመሆኑም ሌላ ፍጥነቱን ከ54 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም።

አሁን ድካም የምታስቀር ዘዴ እንንገርዎት። ለአዲሱ ኔትወርክ የድሮውን ስምና ፓስወርድ፣ ትልልቅና ትንንሽ ፊደሎቹን ሳያዛንፉ ይስጡት፤ ለስልኮቹና ለላፕቶፖቹ ደግሞ አዲስ ስም ያውጡ። ካሜራውም ሶኬቶቹም የሚያውቁትን ስም ስላገኙ ራሳቸው ይገባሉ፤ አንድ በአንድ ሪሴት ማድረግ አይኖርብዎትም። ስልክ ላይ አዲስ ፓስወርድ መጻፍ ጣሪያ ላይ ካለ ካሜራ ጋር ከመታገል ይቀላል።

ፕሪንተሩን የእንግዳ ኔትወርክ ውስጥ አይክተቱት። የእንግዳ ኔትወርክ ሆን ተብሎ ከቤቱ ዕቃዎች የተነጠለ ስለሆነ ስልኩ ፕሪንተሩን አያየውም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቱ ይሠራል። ግን ስልኩ ፕሪንተሩን አያገኘውም፣ የልጆቹም ጌም ከጓደኞቻቸው ጋር አያገናኝም። ጥበቃውን ፈትሼ ደህና ነው።

ቤትዎ ውስጥ ሁለት ራውተሮች እየሠሩ ይመስላል። ሞደሙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ራውተር ነው፤ ሜሹ በፊት ዋይፋይ ብቻ በሚያሰራጭበት፣ «አክሰስ ፖይንት» በሚባለው ሞድ ላይ ነበር፣ አፕዴቱ ወደ «ራውተር» ሞድ መለሰው። ስለዚህ አድራሻ ሁለት ጊዜ ይተረጎማል። ፕሪንተሩ የሞደሙን ዋይፋይ፣ ስልኩ የሜሹን ይዞ ከሆነ ደግሞ በሁለት የተለያዩ አጥሮች ውስጥ ናቸው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሜሹ አፕ ላይ የዋናውን ሣጥን የኢንተርኔት አድራሻ ይመልከቱ። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ያለ ከሆነ ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ። ከ100.64 እስከ 100.127 ከሆነ ግን አቅራቢው አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው፤ ያ በቤት ውስጥ ሴቲንግ አይፈታም፤ የራስዎን አድራሻ ይሰጡዎት እንደሆነ እነሱን ይጠይቁ።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው፦ ሜሹን አክሰስ ፖይንት ማድረግ፣ ወይም ሞደሙን ብሪጅ ማድረግ (የራውተርነቱን ሥራ ትቶ መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ)። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አያድርጉ፤ ለዕቃዎቹ አድራሻ የሚያከፋፍል አይኖርም። የሜሹን የልጆች መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ሞደሙን ብሪጅ ያድርጉ፤ ብዙ ሜሾች በአክሰስ ፖይንት ሞድ ይህን አገልግሎት ያጠፉታል። ሞደሙን ከመንካትዎ በፊት ግን መስመርዎ በፒፒፒኦኢ (በስምና በፓስወርድ በሚገባበት የግንኙነት ዓይነት) የሚሠራ እንደሆነ ያጣሩ፤ ከሆነ የመግቢያ ስሙንና ፓስወርዱን ሜሹ ላይ መጻፍ አለብዎትና በእጅዎ ይያዙ። በዚህ ግንኙነት ኤምቲዩው፣ ማለትም የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ 1492 ነው፤ አፕዴቱ 1500 ላይ ትቶት ከሆነ አንዳንድ ገጾች ይከፈታሉ፣ አንዳንዶቹ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በመጨረሻ የሞደሙን የራሱን ዋይፋይ ያጥፉና ፕሪንተሩን ወደ ሜሹ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ስልኬ የዋይፋዩን ስም ያያል፤ ላፕቶፔ ግን ስሙንም አያሳይም።

የላፕቶፑ የዋይፋይ ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አርጅቷል። አፕዴቱ ዋይፋይ 6ን ሲያበራ፣ አሮጌ ድራይቨር ያላቸው ላፕቶፖች ኔትወርኩን ጭራሽ አያዩትም። ላፕቶፑን በኬብል ወይም በስልክ ዩኤስቢ ኢንተርኔት ሰጥተው ድራይቨሩን ከአምራቹ ያውርዱ። የማይገኝ ከሆነ በሜሹ ላይ የ2.4 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ 6 ያጥፉ። 2.4ቱ ቻናል 12 ወይም 13 ላይ ገብቶም እንደሆነ ይዩ፤ እነሱን የማያዩ ዕቃዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ቅርንጫፌ በኬብል ነበር የተገናኘው። ከአፕዴቱ ወዲህ ኬብሉን ስሰካው የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ ይቆማል፤ ስነቅለው ይመለሳል።

ክብ ተፈጥሯል። ቅርንጫፉ በአየርም በኬብልም ከዋናው ጋር ሲያያዝ፣ ለሁሉም የሚላክ መልእክት በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል፣ በየዙሩም ይባዛል። ኔትወርኩ በሰከንዶች ውስጥ ይታፈናል። ሜሹ ኬብል ሲሰካ የአየሩን መንገድ መዝጋት ነበረበት፤ አሁን ያንን አላደረገም።

ኬብሉን በእጅዎ እየተከተሉ እስከ ጫፉ ይሂዱ። መነሻው ዋናው ሣጥን ወይም ከእሱ ሥር የተሰካ ስዊች (የኔትወርክ ኬብል ማከፋፈያ) መሆን አለበት። ከሞደሙ የሚነሳ ከሆነ ወደ ዋናው ያዙሩት፤ በራውተር ሞድ ላይ ያለ ሜሽ ከሞደሙ የመጣ ኬብል ቅርንጫፉ ላይ ሲያገኝ ይምታታል። መነሻው ትክክል ከሆነ ቅርንጫፉን ከአፑ ያስወግዱት፤ ሪሴት አድርገው ኬብሉ ከዋናው ጋር እንደተሰካ እንደ አዲስ ያስገቡት። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቀው አፑ ግንኙነቱን በኬብል ብሎ መጻፉን ያረጋግጡ።

ከተስተካከለ በኋላ ፍጥነቱ 94 ሜጋቢት አካባቢ ላይ ከቆመና ከዚያ ንቅንቅ ካላለ፣ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ለጊጋቢት ስምንቱም የውስጥ ሽቦዎች መያያዝ አለባቸው፤ አንዱ ከተበጠሰ ወይም ጫፉ ላይ ካላረፈ ሣጥኖቹ ወደ 100 ይወርዳሉ። ጫፉን እንደገና ያስመቱ ወይም ኬብሉን ይቀይሩ፤ ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት ይበቃል።

ጥያቄ፦ አፕዴቱ መሐል ላይ ቆሞ መብራቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየበለጨለጨ ነው። ልንቀለው?

ሁለት ሰዓት ካለፈ ይንቀሉት። ጤነኛ አፕዴት ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ እስከ 30 ደቂቃ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፣ ፈርምዌሩ በሚጻፍበት ቅጽበት ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ሣጥኑ ላይነሳ ይችላል። 1 ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩት። መብለጭለጩ ከቀጠለ ብዙ ሣጥኖች የማዳኛ ሞድ አላቸው፦ የሪሴቱን ቀዳዳ በመርፌ እንደተጫኑ ይሰኩትና 10 ሰከንድ ያህል አይልቀቁት፤ ትክክለኛውን ቆይታና የማዳኛ ገጹን አድራሻ ከአምራቹ መመሪያ ያረጋግጡ። ኮምፒውተሩን በኬብል ያገናኙ። አድራሻው 192.168.1.1 ከሆነ፣ ለኮምፒውተሩ በእጅዎ 192.168.1.10ን፣ ማስኩን 255.255.255.0 ይስጡትና ገጹን ከፍተው ፈርምዌሩን ይጫኑ።

ፋይሉን ሲመርጡ ሣጥኑን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ወረቀት ያንብቡ። የሞዴሉ ስም አንድ ሆኖ የሃርድዌሩ ቨርዥን 1 እና 2 ተብሎ ሊለያይ ይችላል፤ የአንዱ ፈርምዌር ለሌላው አይሆንም። አዳፕተሩንም ይዩ፤ ቮልቱ ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። 12 ቮልት 2 አምፒር የሚፈልግ ሣጥን በ1 አምፒር ሲሠራ የከረመ ከሆነ፣ አፕዴት ላይ የቆመበት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ወደ ድሮው ፈርምዌር ልመለስ? አውቶማቲክ አፕዴቱንስ ላጥፋው?

መመለስ የሚያዋጣው ከላይ ያሉትን ሁሉ ሞክረው ችግሩ ከጸና፣ አምራቹም አሮጌውን ፋይል በገጹ ካስቀመጠ ነው። ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክሉ ሞዴሎች አሉ። በአዲሱ ፈርምዌር የተቀመጠ ባክአፕ በአሮጌው ላይ ላይጫን ስለሚችልም ሴቲንጉን በእጅ ለመጻፍ ይዘጋጁ።

አውቶማቲኩን አጥፍቶ መርሳትን አንመክርም፤ ራውተር ከውጭው ኔትወርክ ጋር ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ዕቃ ነው፣ የጥበቃ ቀዳዳዎቹም የሚደፈኑት በእነዚሁ አፕዴቶች ነው። ማሳወቂያ እንዲልክ ብቻ አድርገው ቤት በሚውሉበት ቀን ራስዎ ያስጀምሩት። ከማስጀመርዎ በፊት እነዚህን ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፦ የሥራ ሞዱን፣ የሁለቱንም ባንድ ቻናልና ስፋት፣ የጥበቃውን ዓይነት፣ የኢንተርኔት መግቢያውንና ዲኤንኤሱን፣ ቋሚ አድራሻ የተሰጣቸውን ዕቃዎች ዝርዝር፣ የእያንዳንዱን ሣጥን የፈርምዌር ቁጥር። አፕዴቱ ሲያልቅ ፎቶዎቹን ከአዲሶቹ ገጾች ጋር ያስተያዩ፤ የተቀየረው ሴቲንግ እዚያው ይታያል።